ታክሲ ማጣት ወይስ ሰው ማጣት?

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይዞ ከቤቱ ይወጣል። አንዱ የታክሲ ነው፣ ሌላው የሰው። ታክሲው ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ቢያደርስ ነው፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለው ነገር "እዚያ ሰው አለህ?" በሚለው ጥያቄ ይወሰናል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕ፣ ፓኦሎ ፋልኮ፣ ሳይመን ፍራንክሊንና ሳይመን ክዊን እ.ኤ.አ. በ2021 "ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ" በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት እነዚህን ሁለት ሒሳቦች ለያይቶ ለመመዘን የተነሣ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "አለመታወቅ ወይስ ርቀት?" የሚል ይሆናል። የሰፈር ልጅ ቢተረጉመው ግን "ሰው ማጣት ወይስ ታክሲ ማጣት?" ይለው ነበር፤ እኔም የሰፈሩን ትርጉም እመርጣለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያምርበታል። አጥኚዎቹ ከመሀል ከተማ ቢያንስ 2.5 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ፣ ቋሚ ሥራ የሌላቸው 3,000 ገደማ ወጣቶችን መርጠው በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ድጎማ ተሰጠው። ገንዘቡ ከሰፈር እስከ መሀል ከተማ የደርሶ መልስ ዋጋ ሲሆን፣ ወጣቱ ራሱ መሀል ከተማ ወዳለው ቢሮ እየሄደ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ ይቀበል ነበር። ሌላው ቡድን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም ኮሜርስ ከምንለው፣ ጋር በተዘጋጀ ሥልጠና ገባ። እዚያም ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ ተማረ፣ ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጀ፣ የሒሳብ፣ የአማርኛና የተግባር ፈተናዎችን ጨምሮ ተፈትኖ ውጤቱ የሰፈረበት ምስክር ወረቀት ይዞ ወጣ። ሦስተኛው ቡድን ምንም አልተሰጠውም፤ ሁለቱ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ነው።

ገንዘቡ መሀል ከተማ ድረስ ሄደው የሚቀበሉት መሆኑ ላልኖረበት ሰው እንግልት ሊመስል ይችላል። ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች የነበሩት ግን እዚያው ነው። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የማስታወቂያ ገጹን በእስክሪብቶ እያሰመረ ያነበበ ሰው ይህን አይስተውም። እኔም እዚያ ተቀምጬ አውቃለሁ። የኪራዩ ሳንቲም ትንሽ ነበረች፤ ወደ አራት ኪሎ ያደረሰኝ ታክሲ ግን የምሳዬን ያህል ይወስድ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምወጣበት ጊዜ ነበር፤ በዚያ ቀን ያልወጣ ማስታወቂያ ለእኔ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ውጤቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም ዕርዳታዎች ወጣቶቹ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውን በእጅጉ ከፍ አደረጉ። ሥልጠናው በተጨማሪ ጊዜው ያልተወሰነ ውል ያለው ቋሚ ሥራ የማግኘቱን ዕድል ጨመረ። አጥኚዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ወጣቶች ፈልገው ሲጠይቁ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት የተሻለ ገቢ አላቸው፣ በሥራቸው ይበልጥ ይረካሉ፣ ሥራቸው ላይም ይቆያሉ። የታክሲ ገንዘብ የተቀበሉት ግን ምንም ካልተሰጣቸው ጋር ተቀላቅለዋል። ከሥልጠናው ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ በሥራ ገበያው ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት ናቸው።

እዚህ ላይ ለአጥኚዎቹ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የብዙ ፕሮጀክት ሪፖርት ቀለሙ ሳይደርቅ ነው "ስኬታማ" ተብሎ የሚዘጋው፤ እነዚህ ሰዎች ግን አራት ዓመት ጠብቀው የገዛ ዕርዳታቸው ግማሽ እንደ ከሰመ ጽፈዋል። ሌላም አለ። "ሰው የለኝም" የሚለውን የየዕለት እሮሮ የሚለካ ነገር አደረጉት። ቀጣሪው አመልካቹን አያውቀውም፤ የሚያየው ከሌላው የማይለይ ሲቪ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ የላከውን ይወስዳል። የፈተና ውጤቱን በጽሑፍ ስታሳየው ያ ወረቀት የዘመድን ቦታ በጥቂቱም ቢሆን ይይዛል። ከጥናቱ ሁሉ ይህን ክፍል ነው ደግሜ ያነበብኩት።

ከዚህ በኋላ ግን ጠቤ ይጀምራል፤ ከጥናቱ ይልቅ የምጣላው ሊነበብ ከሚችልበት መንገድ ጋር ነው። "የትራንስፖርቱ ውጤት ከሰመ" የሚለው ዓረፍተ ነገር በጀት በሚደለደልበት ጠረጴዛ ዙሪያ "ትራንስፖርት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም" ወደሚል ለመለወጥ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ድጎማው የተሰጠው ግን ሥራ ለመፈለጊያ ነው፤ ለጥቂት ወራት ብቻ። ታክሲ ደግሞ ሥራ ሲገኝ የሚቀር ወጪ አይደለም፤ ያን ጊዜ በሳምንት ስድስት ቀን ይሆናል። መፈለጉን የሚያግዝ ገንዘብ ለወራት ሰጥቶ፣ መሥራቱን የሚያግዝ ምንም ሳይለወጥ ከአራት ዓመት በኋላ ውጤት ማጣት ብዙ አያስደንቅም።

ከስድስቱ አንዱ፣ ሳይመን ፍራንክሊን፣ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2018 "ዘ ኢኮኖሚክ ጆርናል" ላይ ለብቻው ያሳተመው የአዲስ አበባ ጥናት በዚህ ረገድ ይበልጥ ያጠግበኛል። እሱም ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ በዕጣ ሰጥቶ በስልክ በየጊዜው ተከታትሏቸዋል። ገንዘቡን ያገኙት ፍለጋቸውን አጠናከሩ፣ ጥሩና ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ፣ ለጊዜው የቀን ሥራውን ቀነሱ። መደምደሚያው ከአራት ኪሎው ድንጋይ ጋር ይገጥማል፦ ወጣቱ ጥሩ ሥራ መፈለጉን ያለጊዜው የሚተወው ኪሱ ስለሚራቆት ነው። የቀን ሥራውን የሚይዘው ወድዶ ሳይሆን ለነገ ታክሲ ነው። የ2021ዱ ጥናት ይህንን ሐሳብ በመጠኑ ወደ ጎን ገፍቶታል፤ ለምን እንደ ገፋው ግን የሚያሳምን ያህል አልተከራከረም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ባቡሩ ነው። ድጎማው ተከፍሎ ሲያበቃ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ገና አልተጀመረም ነበር። መስከረም 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደው መስመር ተከፈተ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚያደርሰው ተከተለ። ሁለቱም አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ የወጣባቸው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። አጥኚዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ወጣቶቹ የሚኖሩባት ከተማ ባቡር ያላት ከተማ ሆናለች። ባቡሩ ግን በዕጣ አይደርስም፤ ድጎማ ላገኘውም ላላገኘውም እኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካ ሙከራ ባቡር ያመጣውን ነገር ሊያይ አይችልም። ይህ የአጥኚዎቹ ጥፋት አይደለም፤ የመሣሪያቸው ጠባይ ነው። ያም ሆኖ ከርእሱ ውስጥ "ርቀት" የሚል ቃል ያስገባ ጽሑፍ ርቀቱ ራሱ በመሀል እንደ ተለወጠ የሚያነሣ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባው ነበር።

ስለ ባቡሩ የሚባለው ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ሲጀመር ትኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ ለቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ከአያት መርካቶ አካባቢ ድረስ ሄዶ የሚሸከም ሰው ከቀን ገቢው ላይ የሚቆርሰው ቀነሰ። በዚያ ዋጋ ግን የመለዋወጫ ዕቃ አይገዛም፤ ባቡሮቹ አንድ በአንድ እየቆሙ መጠበቁ ረዘመ፣ መታፈጉ ባሰ። መሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች ሐዲዱን ያጠረው አጥር ደግሞ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። በዚህች ከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለውን ደንበኛዋን እያየች ማቋረጫ እስክታገኝ ድረስ ዘንቢል ይዛ የምትዞር ሴት ከ475 ሚሊዮኑ ዶላር ውስጥ ምን ደረሰሽ ብትባል መልሷን መገመት አይከብድም።

እሷ ጥናቱም ውስጥ የለችም። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ፣ ዕድሜው ከ30 ያለፈ፣ ጉልት የሚቸረችር፣ ሰው ቤት እየዞረ ልብስ የሚያጥብ ሁሉ ከመጀመሪያው ከምርጫው ውጪ ነው። አጥኚዎቹ ይህን አልደበቁም፤ ጥያቄያቸው ስለ መደበኛ ቅጥር ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነው። ውጤቱን ጠቅሶ "የከተማው ድሃ የሚፈልገው ምስክር ወረቀት እንጂ አውቶቡስ አይደለም" የሚል ሰው ግን ባልተጠየቁ ሰዎች ስም እየመለሰ መሆኑን ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ሊሞክሩት ይችሉ ነበር። ሥልጠናውንና የታክሲ ገንዘቡን አንድ ላይ ያገኘ ቡድን የለም። ጥያቄው "ይህ ወይስ ያ?" ተብሎ ስለ ተሰፋ፣ "ይህም ያም" ቦታ አላገኘም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት አስቡ፤ ባቡሩ እዚያ አይደርስም። ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ፣ ቀጣሪው ወደደው፣ ሰኞ ግባ አለው። የመጀመሪያው ደመወዝ የሚወጣው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ የሚሰለፍበት ታክሲ ግን ዱቤ አያውቅም፤ ረዳቱ ሒሳብ የሚጠይቀው ገና በመንገድ ላይ ነው።