ጄኔሬተሩ ስንት ኪሎዋት ይሁን? ሒሳቡ ከዚያ አይጀምርም

«ለቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ስንት ኪሎዋት ጄኔሬተር ይበቃል?» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ካልኩሌተር ነው የሚያወጣው። የማሽኖቹን ዋት ይደምራል፣ ለመጠባበቂያ ትንሽ ይጨምራል፣ በቃ። ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ከፊት ያስቀደመው ኤንኤፍፒኤ 99 የተባለው የአሜሪካ የጤና ተቋማት ደንብ ነው። ድሮ ደንቡ በአብዛኛው የሚያየው የሕንፃውን ዓይነት ነበር። ሆስፒታል ነው ወይስ ክሊኒክ? የ2012 (እ.ኤ.አ.) እትም ግን ወደ አደጋው ዞረ። የኃይል መቋረጡ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ምድብ 1፣ ቀላል ጉዳት ከሆነ ምድብ 2፣ ምቾት የሚነሳ ብቻ ከሆነ ምድብ 3፣ ምንም የማይነካ ከሆነ ምድብ 4። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2016 እትሙን ከጥቂት ምዕራፎች በቀር ስለተቀበለው፣ የሜዲኬር ክፍያ የሚፈልግ ተመላላሽ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ሁሉ ይመለከተዋል።

ለውጡ ትክክል ነው ባይ ነኝ። እስቲ ሁለት ጎረቤት ክፍሎችን አስቡ። አንዱ ውስጥ ሐኪሙ ቆዳ ብቻ አደንዝዞ ትንሽ እባጭ ያወጣል፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ መብራት ሰፍቶ ይጨርሳል። ሌላው ውስጥ ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ፣ ጡንቻው ስለላላ በራሱ መተንፈስ የማይችል ሰው ተኝቷል። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ጣሪያ ሥር ስላሉ ብቻ አንድ ዓይነት ጄኔሬተር ይዘዝላቸው ማለት ሳይንስ አይደለም።

ለምድብ 1 ክፍሎች ተጠባባቂው ኃይል በ10 ሰከንድ ውስጥ መግባት አለበት። 10 ሰከንድ አጭር ይመስላል አይደል? የሚደማ ሥር በመቆንጠጫ ለያዘ ሐኪም፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ በጣም ረጅም ነው። ስለዚህ ጥልቅ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ክፍል በባትሪ የሚሠራ መብራትም ግዴታ ሆኗል።

ደንቡ ላይ ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። ምድቡን የሚወስነው ማነው? የተቋሙ የራሱ አስተዳደር። ጄኔሬተሩን የሚከፍለውም እሱው ነው። ራሱ ዳኛ ራሱ ተከሳሽ! ሥራው በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ ወረቀቱ ግን ክሊኒኩ ሲያድግ አብሮ ላያድግ ይችላል። ሜዲኬር ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ በእነዚህ ማዕከላት መክፈል የጀመረው በ2020 ነው። ድሮ ለቀላል ሥራ የተሞላ የአደጋ ግምገማ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ካልኩሌተሩን እናውጣ። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው 6 እጥፍ ያህል ከረንት ሊስብ ይችላል፣ ስለዚህ ተራ ድምር ያሳንሳል። «ለማንኛውም ትልቁን እንግዛ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ቀላል ጭነት ላይ የሚውል የናፍጣ ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ መውጫው ላይ ይጠራቀማል። ወርሃዊው ሙከራ ለ30 ደቂቃ ቢያንስ በ30 በመቶ ጭነት ይሁን የተባለው በከንቱ አይደለም። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። የነዚህ ማዕከላት ታካሚ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ረጅሙን ቀዶ ሕክምና ጨርሶ፣ ታካሚውን አንቅቶ፣ በደህና ለመሸኘት የሚበቃው ጊዜ ነው መቆጠር ያለበት።

ኪሎዋቱ በቅቶም ነገር ይበላሻል። በ2012 ሳንዲ ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ደህና ነበሩ፤ የነዳጅ ፓምፖቹ ግን ምድር ቤት ነበሩና ውሃ ዋጣቸው። ሠራተኞችና ወታደሮች ነዳጁን በደረጃ ተሸክመው አወጡት። ሆስፒታሉ ትልቅ ነው፣ ግን ፓምፕ ምድር ቤት ያስቀመጠ ትንሽ ክሊኒክም ያው ነው።

ከ2023 ጀምሮ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ማይክሮግሪድን፣ ለምሳሌ ሶላር ከባትሪ ጋር፣ በተጠባባቂነት ፈቅዷል። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ኃይል ለሚፈልግ ማዕከል ይህ ከናፍጣ ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ ታካሚ ከመደንዘዙ በፊት ባትሪው ስንት በመቶ እንደያዘ የሚያይ ሰው ከተመደበ።