ሽቦው ለምን ቀጥ አለ?

የኤሌክትሪክ ባቡር ሞዴል ስታዩ ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ ወፈረባችሁ? ልክ ናችሁ። በ1፡87 ሞዴል ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ፣ ወደ እውነተኛ መጠኑ ሲመለስ ከ4 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ እውነተኛው ግን 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይሁን፣ ይህን እንለፈው፤ ከዚያ ቢቀጥን እጅ ሲነካው በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል።

የማይታለፈው ሌላ ነው፦ ብዙ ሠሪዎች ሽቦውን በሐዲዱ መሃል ቀጥ አድርገው ይዘረጉታል። እውነተኛው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። ለምን መሰላችሁ? ከባቡሩ ጣሪያ ተነሥቶ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ፓንቶግራፍ አናቱ ላይ ካርቦን አለው። ሽቦው ሁሌ አንድ ቦታ ቢፈትገው፣ ቢላ እንደሚሳልበት ድንጋይ መሃሉ ይጎደጉዳል። ዚግዛጉ ፍትጊያውን ያከፋፍለዋል።

ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ፍለጋ ከመባከን፣ ያላችሁን ወፍራም ሽቦ ዚግዛግ አድርጉት። መልኩ ባይመስልም ሥራው ይመስላል።