ጉዱ ካሣ በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ? ስለ ባሕርይ ቃላትና ስለ ገጸ ባሕርይ ትንተና

በአማርኛ ልቦለዶች ላይ የሚጻፉ የተማሪ ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው አንድ የማይቀር ክፍል ያገኛል። «የገጸ ባሕርያት አሳሳል» በሚል ርእስ ሥር ዋናው ገጸ ባሕርይ ይጠራል፤ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቅጽል ይደረደራል፤ «ትዕግሥተኛ፣ ቅን፣ ዓይነ አፋር» ይባላል፤ ከዚያም ከልቦለዱ ጥቅስ ይመጣና የቅጽሉ ትክክለኛነት ይመሰከራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በማነባቸው ጽሑፎች ውስጥ ከሥነ ልቦና የተወሰዱ መደቦች እየገቡ ነው። በዛብህ «ውስጣዊ» ይባላል፤ ፊታውራሪ መሸሻ «ስምምነት የሚጎድለው»። ከሥነ ልቦና መበደሩ በራሱ አይነቀፍም፤ ሒስ ሁልጊዜም ተበዳሪ ነው። የሚነቀፈው የተበደሩትን ዕቃ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መገልገል ነው። በዚህ ጽሑፍ የማሳየው፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት የባሕርይ መደባቸውን ሲሠሩ ሆን ብለው አውጥተው ያስቀመጧቸው ቃላት ለአማርኛ ልቦለድ ዋነኞቹ መሆናቸውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከመዝገበ ቃላት ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1884 የሰውን ጠባይ ለመለካት ሲነሣ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ባሕርይ ገላጭ ቃላትን ገመተ፤ ከአንድ ሺህ የማያንሱ ሆነው አገኛቸው። መነሻ አሳቡ ቀላል ነው፦ በሰውና በሰው መካከል ያለ ልዩነት ለኑሮ የሚጠቅም ከሆነ ሰዎች ስም ያወጡለታል፤ ስለዚህ ቋንቋውን የቆጠረ ልዩነቱን ቆጠረ። ይህን በሰፊው የሠሩት ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተሙት ጥናት ከትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት 17,953 ቃላት ለቅመው በአራት ዓምድ ከፈሏቸው። በመጀመሪያው ዓምድ ጸንቶ የሚኖር ባሕርይን የሚገልጹ 4,504 ቃላት ገቡ። በሁለተኛው እንደ ቁጣና ደስታ ያሉ አላፊ ሁኔታዎችን የሚያመለክቱ 4,541 ሆኑ። ሦስተኛው ዓምድ 5,226 ቃላት ያሉበት ከሁሉም የሰፋው ሲሆን፣ ስለ ሰውየው ሳይሆን ሌሎች በሰውየው ላይ ስለሚሰጡት ፍርድ የሚናገሩ ቃላት ማደሪያ ነው። አራተኛው የተራረፈው 3,682 ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቀጠለው በዋናነት በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። ሬይመንድ ካቴል በ1940ዎቹ 4,504ቱን እየጨመቀ ወደ 35 አወረዳቸው። ቱፕስና ክሪስታል በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠሩ፣ ኖርማንም በ1963፣ ቃላቱ በአምስት ጎራ እንደሚሰባሰቡ አሳዩ። ጎልድበርግ «ታላላቆቹ አምስት» የሚል ስም ሰጣቸው። ኮስታና ማክሬ በ1992 ያወጡት መጠይቅ 240 ጥያቄዎች አሉት። አምስቱ በአማርኛ እንደምንም ሲነገሩ ተግባቢነት፣ ተስማሚነት፣ ጥንቁቅነት፣ የስሜት ሥጋትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ናቸው። «ክፍት መሆን» በእኛ ዘንድ ምስጋና መሆኑ ያጠራጥራል፤ አፉ ክፍት የተባለ ሰው አልተመሰገነም። ሆኖም ሥራውን ማቃለል አይገባም። ቀድሞ በይመስለኛል ይነገር የነበረውን ነገር በልክ እንዲነገር አድርጓል።

ወደ ራሳችን ቃላት እንመለስ። «ባሕርይ» የሚለው ቃል ራሱ ከባድ ሸክም ይዞ ነው የመጣው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ፤ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት የሥጋ፣ ለባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት የነፍስ ናቸው። በዚህ አነጋገር ባሕርይ የሁሉም ሰው ነው፤ አንዱን ከሌላው አይለይም። የሚለየው «ጠባይ» ነው፤ ከዚያም ወረድ ብሎ «ዐመል»። ዐመል ያወጣል ከመሐል ሲባል የተነገረው የሥነ ልቦናው ሰው በብዙ ገጽ የሚደክምበት ነገር ነው። ሰው በብዙኃኑ መካከል ተሸሽጎ ሳለ አንድ ነገር ጎትቶ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜም ስም ይወጣለታል። ልብ ይባል፤ ምሳሌያዊ ንግግሩ ውስጥ ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ መሐሉን የሞሉት ሌሎች ናቸው።

ይህ በቃላቱ አሠራር ላይ ጎልቶ ይታያል። አማርኛ ጠባይን የሚሰይመው በብዛት ከአካል ክፍል ነው፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ ዓይነ አፋር፣ ዓይን አውጣ፣ ጆሮ ጠቢ። ሆደ ባሻን እንውሰድ። በአምስቱ መደብ ከስሜት ሥጋት ጎራ ልንጥለው እንቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ሆደ ባሻ በማያውቀው መንገደኛ ስድብ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ፍቅር ከጠበቀበት ሰው ነው። እናቱ ለወንድሙ አስቀድማ ስትቀዳለት ሆድ ይብሰዋል። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ሰውየው ስለተሸከመው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ስላለ የጥበቃ ልክ ነው። ዓይነ አፋርም እንዲሁ፤ ዓይን የሚያፍረው ሌላ ዓይን ሲያገኝ ነው። ከሁሉ የሚብሰው «እጁ አመድ አፋሽ» ነው። በጎ አድራጊው ምንም አልጎደለበትም፤ የጎደለው የተደረገላቸው ሰዎች ምስጋና ነው፤ ስሙ ግን ለእርሱ ወጣ። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የተባለውንማ በመጠይቅ ማግኘት እንዴት ይቻላል? ጥያቄውን የሚመልሰው አፉ ነው።

ከአካል ቃላት ውጭ ያሉትም ቢሆኑ ንጹሕ ባሕርይ ገላጭ አይደሉም። «ጨዋ» ስንል ዛሬ የታረመ ጠባይ ያለውን ሰው ማለታችን ነው። በቀድሞው አነጋገር ግን የጨዋ ልጅ የዘር ነገር ነበር፤ በደብር ቋንቋ ደግሞ ጨዋ ማለት የቤተ ክህነት ትምህርት የሌለው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም የሚቆመው በዚህ ቃል ድርብነት ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምረው በዛብህ በጠባዩ ጨዋ ነው፤ በዘሩ ግን ለፊታውራሪ ልጅ የሚመጥን ጨዋ አይደለም። ሃያሲው በዛብህን «ጨዋ» ብሎ ሲያልፍ የልቦለዱን ጠብ በአንድ ቅጽል አስታርቆ ያልፋል።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ካሣ ዳምጤ በአገሩ «ጉዱ ካሣ» ይባላል። ይህን ስም የሰጠው ደራሲው በተራኪው አንደበት ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው። የተማረ ሰው ነው፤ የጌቶችን ልማድና የአገሩን ሥርዓት ይነቅፋል፤ ንቀፌታውን በፊታውራሪ ፊት ሳይቀር ይናገራል። ለሰብለና ለበዛብህ መካሪና የልብ ወዳጅ ነው። አንድ ሰው በአንድ ልቦለድ ውስጥ ለአንዱ ጉድ፣ ለሌላው ጥበበኛ ይሆናል። ይህን ሰው ኦልፖርትና ኦድበርት ቢያገኙት ኖሮ «ጉዱ»ን በሦስተኛው ዓምድ ጽፈው ይተዉት ነበር። ልክም ናቸው፤ ስለ ካሣ የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለ ሰያሚዎቹ ግን ብዙ ይናገራል። ጉድ ማለት ከተለመደው ውጭ የሆነ፣ የሚያስደነግጥና የሚያስቅ ነገር ነው። አንድን ሰው ጉድ ብሎ የሰየመ ማኅበረሰብ የሚለውን ከመስማት ዳነ፤ እውነት ቢናገርም «እሱማ ጉዱ አይደለም?» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ መሣሪያ ነው። ሐዲስ ይህን ስም በካሣ ላይ የተዉት፣ አንባቢው በየገጹ ስሙን በጠራ ቁጥር ፍርዱን አብሮ እንዲጠራና ቀስ በቀስ እንዲያፍርበት ይመስለኛል። ከአምስቱ መደብ አንጻር ካሣ ለአዲስ ነገር እጅግ ክፍት፣ በተስማሚነት ዝቅተኛ ይወጣል። ውጤቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ልቦለዱ ከውስጡ ወጥቷል።

ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. በወጣው «አደፍርስ» ውስጥ ባሕርይን በስም ላይ ጽፈውታል፤ ልዩነቱ የአደፍርስ ስም ትእዛዝ መምሰሉ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋልና አልፈዋለሁ።

ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ያየሁትን ልጨምር። ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ምዕራብ በሶሮ ምድር በምትገኘው በጃጁራ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርሁበት ጊዜ አብዛኞቹ ተማሪዎች አፋቸውን የፈቱት በሀዲይሳ ነበር። ከልቦለዱ የተወሰደ ክፍል አንብበው ጉዱ ካሣን በሦስት ቅጽል እንዲገልጹ በፈተና ተጠየቁ። የእርማት መመሪያው የሚጠብቀው መልስ «ደፋር፣ ምሁር፣ ተራማጅ» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ግን እንዲህ ጻፈ፦ «ሰው ሁሉ ዝም ሲል የሚናገር፣ ሲናገርም ሰው ሁሉ የሚስቅበት ሰው ነው።» ከሦስት ዜሮ ተሰጠው። ለአራሚዎቹ አቤት ብል «ቅጽል ነው የተጠየቀው» ተባልሁ። በሰዋስው ረገድ እውነታቸውን ነው። በሒስ ረገድ ግን ከመመሪያው ይልቅ ልቦለዱን ያነበበው ልጁ ነው፤ ጉድነት በካሣ ንግግርና በሌሎች ሳቅ መካከል እንደሚኖር አይቷል። መመሪያውን ደግሞ እንመርምረው። «ተራማጅ» በአብዮቱ ዘመን የገነነ የምስጋና ቃል ነው። እርሱም ፍርድ ነው፤ እርሱም ማደሪያው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ጌቶች «ጉዱ» ያሉትን ሰው እኛ «ተራማጅ» ብለን ስንሰይመው ባሕርዩን የገለጽን ይመስለናል፤ የለወጥነው ግን ሰያሚውን ብቻ ነው።

በዚያው ክፍል «ዓይነ አፋር» በሀዲይሳ ምን ይባላል ብዬ ብጠይቅ ክርክር ተነሣ። ልጆቹ አንድ ቃል ከመስጠት ይልቅ «እንግዳ ቤት ሲገባ» እያሉ ሁኔታ መተረክ ያዙ፤ አንዷ ተነሥታ ሠርታ አሳየችን። ከአንድ ክፍል ጨዋታ ስለ ቋንቋው ፍርድ አይወጣም። ነገር ግን ጥያቄው በሌላ ቦታ በጥናት ተይዟል። በቦሊቪያ ጫካ በሚኖሩት ጺማኔዎች ዘንድ በ2013 የወጣው ጥናት አምስቱን መደብ አላገኘም። ጥናቱን ከመጠይቅ ሳይሆን ከአገሬው ቃላት የጀመሩት ሊቃውንትም በኬንያና በታንዛኒያ በሚነገረው በማሳይ ቋንቋ፣ በማሊም በሱፒሬ፣ አምስቱ ተለይተው እንዳልወጡ በ2020 አሳይተዋል። ከአማርኛና ከሀዲይሳ ቃላት ብንነሣ ምን ይወጣል የሚለው የእኛ የቤት ሥራ ነው፤ የቋንቋ ክፍላችንና የሥነ ልቦና ክፍሉ አብረው ቢሠሩት ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከአንድ ሰው ወደ ሕዝብ ሲሻገር ደግሞ ይከብዳል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የቅኔን ሰምና ወርቅ የአማራን አስተሳሰብና ጠባይ መክፈቻ አድርጎታል። መጽሐፉ ብዙ ያስተማረ ነው። ሆኖም ከአንድ የቅኔ ስልት ተነሥቶ የሕዝብን ጠባይ መሰየም፣ ሕዝብን እንደ ገጸ ባሕርይ ማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ 49 ባህሎችን ያነጻጸረ ጥናት ሰዎች ስለ አንድ አገር ሰው ጠባይ ያላቸው ሥዕልና የአገሩ ሰዎች ሲለኩ የሚያሳዩት ጠባይ እንደማይገናኙ አሳይቷል። መደቡን የሠሩት ሊቃውንት ራሳቸው በመደባቸው ያፈረሱት ነገር ነውና ሊመሰገኑ ይገባል። በየልቦለዱ «የደቡብ ሰው እንዲህ ነው» እየተባለ በአንድ ቅጽል የሚገባውን ዘበኛና አሽከር ለሚያነብ የጃጁራ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኤድዋርድ ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ድቡልቡል ብሎ ሲከፍል ዝርጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችለው ነው ብሏል። የእኛ ሒስ ድቡልቡሉን ጭምር በሦስት ቅጽል ይዘረጋዋል። ዋልተር ሚሸል በ1968 ሥነ ልቦናን ያናወጠው፣ ሰው በአንዱ ሁኔታ የሚያሳየው ጠባይ በሌላው ያለውን ለመተንበይ ብዙ እንደማይረዳ በማሳየቱ ነበር። በዛብህ በፊታውራሪ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ የፊታውራሪን ልጅ ለማፍቀር ግን አንገት መድፋት አይበቃም። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ልቦለዱን በራዲዮ የሰሙ ሰዎች ይህን ያለ ሃያሲ ያውቁት ነበር፤ የአንዱ ሰው ድምፅ ከማን ጋር እንደሚነጋገር እያየ ሲለወጥ ሰምተዋልና።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማወጣውን ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። «ጉዱ ካሣን በሦስት ቅጽል ግለጽ» ከማለት ይልቅ «ካሣን ጉዱ ያለው ማን ነው? በማን ፊት ይለዋል? ይህን ስም ጠርቶ የማያውቀውስ ማን ነው?» እላለሁ። ለእርማት ጊዜ ይፈጃል፤ መመሪያም ለማውጣት ያስቸግራል።