«እስከ» የምትባል ቃል

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ለፍልፌአለሁ። ከሶማሌ ተራ የመጣች አንዲት ካርቶን ግን ሁሉንም አስናቀችብኝ። ውስጧ ሁለት ማግኔት አለ፤ አብሯት የተሰጠው ወረቀት «ከቤንዚን ቱቦ ላይ ሲታሰር ነዳጅን ሙሉ በሙሉ በማቃጠል እስከ 30 በመቶ ይቆጥባል» ይላል። ያመጣት ባለታክሲ ጎረቤቴ ነው። የሁለት ቀን ገቢውን ከፍሎባታል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ይቆጥባል ካሉት የማይሞክረው የለም። አልፈርድበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እውነት ነው?» አለኝ።

መካኒክ አይደለሁም፤ የማውቀው ማንበብ ነው። ሰሙ 30 ነው፤ በቀይ ቀለም፣ በትልቁ ተጽፏል። ወርቁ ከጎኑ ድምፁን አጥፍቶ የቆመው «እስከ» ነው። እስከ ሠላሳ ማለት ሁለትም ነው፣ ባዶም ነው። ዋሸ ብትሉት መልሶ ይከሳችኋል! በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚጽፍ ተማሪ አልገጠመኝም።

«ሙሉ በሙሉ በማቃጠል» የምትለዋ ደግሞ የባሰች ናት። ደህና የሚሠራ ዘመናዊ ሞተር ከገባለት ቤንዚን ከ97 በመቶ በላዩን ያቃጥለዋል። ታዲያ ሠላሳው ከየት ይመጣል? ትልቁ ብክነት ቤንዚኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይሄዳል። ቱቦ ላይ የታሰረ ማግኔት እዚያ ምን ሊያደርግ? «አራት እሳት» እያሉ የሚሸጡት ባለ አራት ጫፍ ካንዴላም እንደዚሁ ነው፤ ብልጭታው በአንድ ጊዜ የሚዘለው ወደ አንዱ ጫፍ ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ከጥቂቶቹ ኢምንት ለውጥ በቀር ቁም ነገር የሚባል ቁጠባ አላገኘባቸውም። «ስሊክ 50» የተባለው የሞተር ዘይት ማሟያ አምራቾችም ሞተር እንዳይበላ ይከላከላል ብለው ያለ ማስረጃ በማስተዋወቃቸው ተከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚያው አገር የንግድ ኮሚሽን ጋር ስምምነት ፈርመዋል።

ይህንን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝና ሄዶ አሰረው።

በሳምንቱ እየሳቀ መጣ። «ጋሼ፣ ቆጠበ!»

«እንዴት ነው የምትነዳው?»

«ልሞክረው ብዬ ቀስ እያልኩ ነዋ! ጎማውንም አስነፋሁ።»

ማግኔቱ የሠራው በእግሩ በኩል ነበር። በወሩ ወደ ቀድሞ አነዳዱ ተመለሰ፤ ቤንዚኑም አብሮት ተመለሰ። ካርቶኗን ይዞ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ሻጩ ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ አሳየው፤ «እስከ ነው እኮ የሚለው፣ አላነበብክም?»

ማታ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«እርስዎም እሱም ያላችሁኝ አንድ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «እሱ ግን ብሬን ይዟል።»