ጫማ አውልቆ ሳቅ ይዞ መግባት

እኔ መርካቶ፥ ራጉኤል አጠገብ የምነግድ ሰው ነኝ። በዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ጫማ ማውለቅ ነው፤ በራጉኤል ደጅ ክርስቲያኑ ያወልቃል፥ ጎረቤት በሆነው በአንዋር መስጊድ ደጅ ሙስሊሙ ያወልቃል። ስለዚህ የሰውን ጸሎት ቤት ማክበር ለኛ ለራጉኤል ሰዎች አዲስ ትምህርት አይደለም እል ነበር። ይህን እል የነበረው ግን ባንኮክን ሳላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋራ ለዕረፍት ወደ ታይላንድ ሄድሁ። ዕረፍት አልነው እንጂ ግማሹ ጊዜ ያለቀው በፕራቱናም ገበያ የልብስ ዋጋ ስንጠይቅ ነው፤ የመርካቶ ሰው ዕረፍቱም ንግድ ነው። በሦስተኛው ቀን ዋት ፖ ወደሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሄድን። በዚያ በሦስተኛው ራማ ዘመን፥ በ1832 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተሠራ፥ በጎኑ የተጋደመ ታላቅ የቡድሃ ምስል አለ። ርዝመቱ 46 ሜትር፥ ከፍታው 15 ሜትር ሲሆን ውስጡ ጡብና ኖራ፥ ላዩ ግን ወርቅ ነው።

ከደጁ ስንደርስ በአንዋር የሚሰግደው ጓደኛችን «የኔ ሃይማኖት ይህን አይፈቅድልኝም፤ እናንተ ግቡ፥ እኔ ዕቃችሁን እጠብቃለሁ» ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኔም «ምነው፥ ይነክስሃል?» ብዬ ቀለድሁበት።

ገባን። ከምስሉ በስተኋላ በግድግዳው ሥር 108 የነሐስ ገንቦዎች ተደርድረዋል፤ አማኞቹ በየአንዳንዱ ሳንቲም እየጣሉ ያልፋሉ፥ ገንዘቡም ለቤተ መቅደሱ ይውላል። አንደኛው ጓደኛችን ሳንቲሙን ገዝቶ «ለገበያ ይቅናኝ» እያለ ይጥል ጀመር። እንግዲህ ይህ ሰው ምንድር ነው? አማኝ አይደለም፥ እንግዳም አይደለም፤ የሌላውን ጸሎት ሎተሪ አደረገው። ሁለተኛው ደግሞ የባሰውን ሠራ። ከምስሉ ፊት ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋደመና እጁን ከራሱ ሥር አድርጎ እግሩን ወደ ምስሉ ዘረጋ፤ በዚያ አገር እግርን ወደ ምስሉ ማዞር ትልቅ ነውር ነው። «አንሣኝ!» አለኝ። እኔም እየሳቅሁ አነሣሁት።

አንዲት አሮጊት የሎተስ አበባ ይዘው ቆመው ነበር። አልተቈጡም፥ አልተናገሩም፤ እስክንጨርስ ብቻ ጠበቁ።

«ሃይማኖታችን አይደለምና ክብር አይገባውም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ለምስሉ ስገዱ አላልሁም፤ ሰግጄም አላውቅ። ነገር ግን በመስከረም 1 ቀን፥ በራጉኤል ክብረ በዓል፥ አንድ የውጭ አገር ሰው ተንበርክካ ከምትጸልይ እናት ፊት ካሜራውን ደቅኖ ሲስቅ አይቼ በክንዴ ገፍቼ ከቅጥሩ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን የተቈጣሁት ለድንጋዩ ግንብ ኖሯል ወይስ ለዚያች ሴት? ለሴቲቱ ከሆነ፥ የባንኮኳ አሮጊት በምን ታንሳለች? በደጅ የተቀመጠው ጓደኛችን ግን ማንንም አልበደለም። ያላመነበትን አልነካም፥ ባልገባበትም አልሳቀም። ከአራታችን እንግድነትን ያወቀ እርሱ ብቻ ነበር፤ የተቀለደበትም እርሱ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፥ ሀገረ ጃፓን» የሚባል መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉ ጃፓንን ከመጠን በላይ ያደንቃል ቢባል እንኳ፥ የሄዱበትን አገር ለወገናቸው ለማሳወቅ የደከሙበት ነው። እኛ ያመጣነው ስድስት ማዳበሪያ ልብስና ያንን ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፉን ጓደኛዬ አሳድጎ በክፈፍ አስገብቶ፥ በሱቁ ከሥዕለ ራጉኤል ጎን ሰቅሎታል። እንዲያወርደው ለመንሁት፤ «ደንበኛ ያስቃል» አለኝ። በኔ ዘንድ ባለው ፎቶግራፍ በስተግራ ጫፍ አሮጊቷ አበባቸውን እንደ ያዙ ይታያሉ። በርሱ ግን አይታዩም፤ ከክፈፉ አልገጥም ሲል ያንን ጫፍ አስቈርጦታል።