ሞጁል ማስመስከር

ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። በሌላ ጉባኤ ዓመታት የደከመ፣ በእጁ የጻፈውን መጽሐፍ በማኅደር አንግቶ የመጣ ደቀ መዝሙር እንኳ እዚያ ካልታረመና ካልተሰማ የተመሰከረለት የድጓ መምህር አይባልም። የተጻፈው ቃል ይታያል፣ ከቃሉ በላይ የተሰደረው ምልክትም ይታያል፤ ቀጥሎ ተማሪው ያዜማል፣ መምህሩ ይሰማል። ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ዜማው በጽሑፍ ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመት ቢያልፈውም መጽሐፉ በትክክል ስለተጻፈ ብቻ «ይበቃሃል» ተብሎ የተሰናበተ የለም። የኦንላይን ትምህርት ጽሑፍን ለዓይነ ስውራንና ማየት ለሚቸግራቸው ተማሪዎች ተደራሽ ማድረግ በሚባለው ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ቢያጤነው ይጠቀማል። እኛ ዘንድ የተጻፈውን የሚያርም ፕሮግራም መጥቶልናል፤ መስማቱን ግን ትተነዋል።

ፕሮግራም ስል በየእጃችን ያሉትን መፈተሻዎች ማለቴ ነው። ዎርድና ፓወርፖይንት ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ቼከር አለ፤ ለፒዲኤፍ አክሮባት ፕሮ የራሱ አለው፤ ለድረ ገጽ ዌቭና አክስ የሚባሉት አሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሙድልም ከ3.11 እትሙ (እ.ኤ.አ. 2021) ጀምሮ ብሪክፊልድ የተባለውን መፈተሻ ይዞ ይመጣል። እነዚህን የሚንቅ ሰው ሥራውን አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ መምህራን ያላቸውን ጽሑፍ በቴሌግራም ለቀቁት፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ቀጠለ። ከሚለቀቀው ውስጥ ብዙው በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተባለ የመጽሐፍ ገጽ ነው። የሚያይ ተማሪ ያነበዋል፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡት ስክሪን ሪደሮች፣ ጆዝም ሆነ ኤንቪዲኤ፣ ግን አንዲት ፊደል አያገኙበትም። መፈተሻው ይህን በሰከንዶች ይይዛል። መግለጫ የሌለውን ሥዕል፣ የርዕስ ረድፍ የሌለውን ሰንጠረዥም እንዲሁ። የጽሑፉና የመደቡ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን የሚለውን መለኪያማ የሰው ዓይን በግምት ሊደርስበት አይችልም፤ ማሽኑ ያሰላዋል። ደግሞ አይደክመውም፤ አንድ የትምህርት ክፍል ለመውጫ ፈተና ያከማቸውን መቶ ፋይል በአንድ ከሰዓት ያበጥራል።

ነገሩ የሚበላሸው መፈተሻው ዝም ባለበት ቦታ ነው፤ አማርኛ ላይ ደግሞ ዝምታው ይበዛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ጽሑፋችን የሚጻፈው በቀድሞዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ፣ በመሰሎቻቸውም ነበር። እነዚህ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው የእኛን ፊደል መልክ ያለብሱታል። ላዩ አማርኛ፣ ውስጡ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሞጁል ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ መፈተሻው «ጽሑፍ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አለ። «ርዕሶቹ ምልክት አላቸው ወይ?» አላቸው። ያልፋል። ስክሪን ሪደሩ ሲከፍተው የሚያነበው ግን ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። በካሜራ የተነሣው ገጽና ይህኛው ፋይል ለተማሪው እኩል ከንቱ ናቸው፤ መፈተሻው አንዱን ጥሎ ሌላውን ያሳልፋል።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ከወጥመድ አላመለጠም። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ስለተዘጋጀ ሰነዱ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ ይመዘገባል። መፈተሻው የሚያረጋግጠው ቋንቋ መመዝገቡን ነው፤ የተመዘገበው ከተጻፈው ጋር መስማማቱን አይጠይቅም። ዛሬ አማርኛ የሚያነብ ድምፅ አልጠፋም። ከኤንቪዲኤ ጋር በነፃ የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛን ያውቃል፤ ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ነገር ግን ሰነዱ «እንግሊዝኛ ነኝ» እያለ የእንግሊዝኛው ድምፅ ይጠራና ፊደሉን ይዘለዋል። ሌላም አለ፤ አራት ነጥብ መምታት ሰልችቶን ኮለን ሁለት ጊዜ የምንደረድር ብዙዎች ነን። ለዓይን አንድ ነው፤ ለማሽን ግን ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ ድምፁም የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ቀይ ቀለምንም ልጨምር፤ ከብራና የወረስነው ልማድ ነውና «በቀይ የተጻፈውን አጥኑ» ማለት እንወዳለን፤ የትኛው ቀይ እንደሆነ ማየት ለማይችለው አይነገረውም። የፊደላችን ጉዳይም አለ፤ ሰ ከሱ፣ ነ ከኑ የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው፤ በትንሽ መጠን ሲታተም ዓይኑ ለደከመ ሰው ጭረቷ ትጠፋለች። ቀለሙ 4.5 ለ1ን ካለፈ መፈተሻው ስለ ጭረቷ ግድ የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዋጁ በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። ፒዲኤፉ በትክክል ካልተሰናዳ ስክሪን ሪደሩ ከዓምድ ወደ ዓምድ እየዘለለ የአማርኛውን ግማሽ ሐረግ ከእንግሊዝኛው ግማሽ ሐረግ ጋር ይሰፋዋል። የሕግ ተማሪ «ካልሆነ በስተቀር» የሚለው የየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ካላወቀ አዋጁን አነበበ አይባልም። እዚህ ላይ አክሮባትን ላመስግነው፤ የንባብ ቅደም ተከተልን ራሴ አላረጋግጥም ብሎ ሁልጊዜ «በሰው ይታይ» የሚል ምልክት ይተዋል። ማሽኑ የማያውቀውን እያመነ፣ ተጠቃሚው ምልክቷን አልፎ ሪፖርት ያትማል።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስል የውጭውንም ማየት ይገባል። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 ሆን ብሎ ከ140 በላይ እንከን የታጨቀበት ገጽ ሠርቶ በርካታ መፈተሻዎችን ሞከረ፤ የበለጠው መፈተሻ የያዘው ከመቶ 40 ያህሉን ነው። ማኑኤል ማቱዞቪች የተባለ ባለሙያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ላይትሃውስ መቶ ከመቶ የሚሰጠው፣ ሰው ግን ጨርሶ ሊጠቀምበት የማይችል ድረ ገጽ ሠርቶ አሳየ። መሣሪያዎቹ በተወለዱበት በእንግሊዝኛ ይህ ከሆነ፣ በአማርኛ ፊደል ላይ አረንጓዴ ምልክት ሲሰጡ ምን ያህል እንደምናምናቸው አንባቢ ይፍረድ።

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ጣጣ ምን ያገባዋል?» የሚል ሙግት ይነሣል፤ ከሙግቶቹም ጠንካራው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የባዮሎጂ ሞጁል ላይ የመፈተሻው ቃል ለእውነት የቀረበ መሆኑን እቀበላለሁ። የሕግ ተማሪ ግን ከነጋሪት ጋዜጣ አያመልጥም፤ የአማርኛ ትምህርት ክፍሎችም አሉ፤ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ከሚወጡት መምህራንም ብዙዎቹ በየገጠሩ በአማርኛ ነው የሚያስተምሩት። በእንግሊዝኛው ሞጁል ውስጥ ያለውም ሥዕል ቢሆን ትርጉሙን የሚያውቀው አስተማሪው ብቻ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያሳይ ካርታ «ካርታ» ተብሎ ቢገለጽ መፈተሻው ይረካል። ተማሪው የተጠየቀው ወንዞቹ ወዴት እንደሚፈሱ ከሆነ ግን መግለጫው መልሱን ደብቆበታል። ነጥብ የሚቆጥር ኃላፊ ባለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ «ካርታ»፣ «ሥዕል»፣ «ፎቶ» እየተባለ መሙላቱ አይቀርም።

«ዓይነ ስውር ተማሪ በክፍል አንድ ቢገኝ ነው» የሚሉም አሉ። ፋይሉ ዝም ያለበት ተማሪ አቤቱታ አይጽፍም፤ የሚያነብለት ጓደኛ ይፈልጋል፣ ድምፁን በስልክ ቀድቶ ያጠናል፣ ፈተናውን ያልፋል ወይም ይወድቃል። መምህሩ ዘንድ የደረሰ ቅሬታ ስለሌለ ችግሩ የሌለ ይመስላል። ሀገሪቱ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችውም የተማሪ ቁጥር ቆጥራ አይደለም። «የቅጂ መብት አለበት፤ መጽሐፉን መለወጥ አንችልም» ለሚሉት፣ ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የገባችበት የማራካሽ ስምምነት የታተመን ሥራ ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ ማዘጋጀትን የሚፈቅድ ነው።

የአማርኛው ድምፅ ገና ጥሬ ነው የሚለው ግን እውነት አለው፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ሆኖም ተማሪ በተሳሳተ አጠባበቅ የተነገረውን ቃል በዐውዱ ያቀናዋል፤ ያልተነገረውን ሊያቀና አይችልም። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባለው መብራት በሌለበት ሌሊት በጆሮ የሚቀጸል በመሆኑ ዓይነ ስውር የቅኔና የዜማ ሊቃውንት ማፍራት ለሀገሩ እንግዳ አልነበረም። የጎደለው የተማሪው ጆሮ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ጊዜ የለኝም የሚል መምህር እውነቱን ነው፤ ሁሉ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ይሰማ አይባልም። መፈተሻው በመጀመሪያ ይለፍበት፤ በካሜራ የተነሣውን፣ መግለጫ የሌለውን፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ይጣል፤ የሰሚው ጊዜ ለተራ ግድፈት እንዳይባክን። ከተረፈው ፋይል ሁሉ ጥቂት ገጽ፣ በተለይ ሰንጠረዥና ሁለት ዓምድ ያለበት፣ በስክሪን ሪደር ይሰማ። የሚሰማውም ዓይኑን ጨፍኖ የሚሞክር መምህር ሳይሆን መሣሪያውን በየቀኑ የሚጠቀም ተማሪ ወይም ተመራቂ ይሁን፤ መምህሩ ገጹን አስቀድሞ ስላየው ጆሮው ያልሰማውን ትዝታው ይሞላለታል። ይህ ሥራ ነውና በነፃ አይጠየቅም። ሞጁል ለሚጽፍና ለሚገመግም መክፈል የተለመደ ነው፤ ለሚሰማውም ይከፈለው፣ ስሙም ከጸሐፊውና ከገምጋሚው ስም ቀጥሎ፣ ከሰማበት ቀንና ከተጠቀመበት ስክሪን ሪደር ጋር፣ በሞጁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።