መብቱ የተጠበቀ ነው፤ የማን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌና አዲስ መጻሕፍት ከሚያዞር አንድ ወጣት እጅ ላይ የመዝሙረ ዳዊትን የአማርኛ ትርጉም በኪስ መጠን ታትሞ አየሁ። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ፊደሉ ከሌላ መጽሐፍ ላይ በፎቶ ኮፒ የተነሣ መሆኑ ያስታውቃል። ገለበጥሁት። ማን እንደ ተረጐመው አልተጻፈም። ማን እንዳሳተመው አልተጻፈም። ዘመኑም የለም። ከጀርባው ግን አንዲት መስመር ተቀምጣለች፦ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።»

«የማን መብት ነው ወንድሜ?» አልሁት።

«ጋሼ ደግሞ! የእግዚአብሔር ቃል አይደል እንዴ? ባለቤቱ እሱ ነው። እኔ የምሸጠው ወረቀቱን ነው» አለኝ።

ስቄ ገዛሁት። መልሱ ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ልጁ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ለይቷል፤ ቃሉና ወረቀቱ። ቃሉ የማንም አይደለም፤ ወረቀቱ የገዛው ነው። ነገር ግን ከቃሉና ከወረቀቱ መካከል አንድ ሰው አለ። ዳዊት በአማርኛ አልዘመረም። በአማርኛ እንዲዘምር ያደረገው ሰው ዓይኑን ያፈዘዘ፣ ጀርባውን ያጐበጠ ሰው ነው። እሱ የት ሄደ?

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ አያውቁትም ማለት አይቻልም። የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያስጻፈውና የጻፈው ስማቸው ይነሣል፤ አንባቢም እንዲጸልይላቸው ይለመናል። የሰረቀውና የፋቀው ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ውግዘቱ የገለበጠውን አይነካም። መገልበጥ ጽድቅ ነበር። የተወገዘው መጽሐፉን ከባለቤቱ የነጠቀና ስሙን ከብራናው ላይ የፋቀ ነው። ዛሬ «የቅጂ መብት» የምንለውን ነገር ባያውቁትም፣ ስም መፋቅ ከስርቆት ጋር አንድ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ያውቁ ነበር።

ከብራና ወደ ማተሚያ ስንሻገር ግን አንድ ነገር ጐደለ። ለዚህ ከአቡ ሩሚ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

አቡ ሩሚ የጐጃም ሰው፣ መነኩሴና ብዙ አገር ያዩ መንገደኛ ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ላይ በዚያ ከነበረው የፈረንሳይ ቆንሲል ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ተገናኙ። ቆንሲሉ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ እንዲመልሱለት ጠየቃቸው። ለአሥር ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከእሳቸው ጋር ተቀመጠ። እሱ ዐረብኛውን ቀስ ብሎ ያነባል፤ የከበደውን ቃል ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ እያመሳከረ ያስረዳል፤ እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ። ሲያልቅ በእጃቸው የጻፉት 9,539 ገጽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። እዚያው ካይሮ ወረርሽኝ ገደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ መጣና ጽሑፉን ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ሻጩ ቆንሲሉ ነው። በእርግጥ ያሠራ እሱ ነው፤ ያለ እሱም ሥራው አይጀመርም ነበር። ያስጻፈ ባለ መጽሐፍ ነው የሚለው የብራና ዘመን ወግም ሳይደግፈው አይቀርም። ቢሆንም ይህ ጸሐፊ ያንን የገንዘብ ቁጥር ባሰበ ቁጥር ከአጠገቡ ሌላው ቁጥር ይመጣበታል፤ 9,539።

ማኅበሩ ወንጌሎቹን በ1824፣ አዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ለንደን ላይ አሳተመ (ሁሉም በእነርሱ አቆጣጠር ነው)። አራሚው ቶማስ ፔል ፕላት ነበር። ለማኅበሩ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም፤ በ1824ቱ ወንጌል የፊት ገጽ ላይ የአቡ ሩሚ ስም አለ። ሐበሻው አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ እንደ መለሱት ተጽፏል። የተጻፈው ግን በላቲን ነው! መጽሐፉ ለጐንደርና ለጐጃም አንባቢ ነው፤ የተርጓሚው ስም ለለንደንና ለፓሪስ ሊቃውንት ነው። ጐንደር ላይ መጽሐፉን የገለጠ ደብተራ አማርኛውን አንብቦ «ይህን የጻፈው ያገሬ ሰው ማን ይሆን?» ቢል መልሱ ዓይኑ ፊት ነበር፤ ግን ሊያነበው አይችልም።

ኋላ ክራፕፍ ትርጉሙን አረመው፤ በ1870ዎቹም ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ እንደገና ታተመ። ሥራው እየታረመና እየተለወጠ ከመቶ ዓመት በላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት ሆኖ ኖረ። አቡ ሩሚን ግን ከታሪክ አጥኚዎች በቀር የሚያነሣቸው ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ስም መፈለግ ለመንፈሳዊ ሥራ ይገባልን? ትሑት መነኩሴ ስሙ እንዲጻፍለት ይሻልን?» ሊለኝ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን ስም የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ይህን ያስተማረኝ እንግሊዛዊው ዊልያም ቲንዴል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1534 ጆርጅ ጆይ የተባለ ሰው የቲንዴልን አዲስ ኪዳን ሳያስፈቅድ አርሞ አሳተመ። «ትንሣኤ» የሚለውን ቃል በብዙ ቦታ አንሥቶ «ከዚህ በኋላ ያለ ሕይወት» በሚል ተካው። ቲንዴል ተቆጣ። የቁጣው ዓይነት ግን የሚያስደንቅ ነው። ገንዘቤን ወሰደብኝ አላለም። ማንም እንዳይተረጕም፣ ማንም እንዳያርመኝ ይከልከል አላለም። ያለው፣ የሚለውጥ ሰው የራሱን ስም ይጻፍበት፣ በእኔ ሥራ ውስጥ አይደበቅ ነው። ሰውየው በስደት የሚኖር፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በእምነቱ የተገደለ ነው። በሞት ጥላ ሥር ሆኖ የተሟገተው ሥራው ከማን እጅ እንደ ወጣ አንባቢ እንዲያውቅ ነበር።

«እንግዲያው ማተሙ ለአንድ ታማኝ እጅ ብቻ ይሰጥ፤ ቃሉ እንዳይበላሽ» የሚሉ አሉ። እንግሊዝ ይህን ሞክራዋለች። የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ከወጣበት ከ1611 ጀምሮ የማተሙ ሥልጣን የዘውድ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ብሪታንያ ውስጥ ያለ ፈቃድ አይታተምም፤ አሜሪካ ላይ ግን የወደደ ሁሉ ያትመዋል። ታዲያ በ1631 በዚያው በንጉሡ አታሚ ቤት የወጣው እትም ከዐሥሩ ትእዛዛት በአንዱ ላይ «አት» የሚለውን ማፍረሻ ዘልሎ ሰው ሁሉ እንዲያመነዝር አዘዘ! በእኛ ፊደል ብናስበው «አታመንዝር» ከሚለው «ታ» ብቻ መውደቋ ነው። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፤ መጽሐፉም ተለቅሞ እንዲጠፋ ተደረገ። ብቸኛ ባለ መብት መሆን ከስሕተት አላዳነም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ መቀጣት የተቻለው የአታሚዎቹ ስም መጽሐፉ ላይ ስለ ነበረ ነው። የኔ የኪስ ዳዊት አንድ «ታ» ብትጐድለው ማንን እከሳለሁ?

ወደ አገራችን ሕግ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የራሱ ክፍል ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ትርጉምን ራሱን እንደቻለ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ጥበቃውም ባለሥራው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ዳዊት የማንም ባይሆንም የዳዊት አማርኛ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ማኅበር ሊሆን ይችላል። የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራትም መብታችን ይጠበቅ ሲሉ ምክንያት አላቸው፤ መተርጐም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ያልተፈቀደ ቅጂ ደግሞ ሊጣመም ይችላል። ይህን እቀበላለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኛ አንባቢዎች ትርጉሞቻችንን በምን እንጠራቸዋለን? «የ1954ቱ»፣ «የ1980ው»፣ «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» እንላለን። ጀርመን «የሉተር» ይላል፤ እንግሊዝ «የቲንዴል» ይላል። እኛ ዓመተ ምሕረት እንቈጥራለን። የቋንቋችንን ዐረፍተ ነገር የቀረጹ፣ ከመድረክ እስከ ለቅሶ ቤት በአፋችን የምንሸከመውን አማርኛ የሠሩ ሰዎች በቁጥር ብቻ ይታወቃሉ። የቅጂ መብት መስመር ስናነብ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እንረዳለን፤ ላቡ ከማን እንደ ወጣ ግን አንረዳም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ቅጠል ነው። ከየትኛው ቋንቋ እንደ ተመለሰ፣ እነማን እንደ ተረጐሙት፣ እነማን እንዳረሙት፣ ከፊተኛው ትርጉም ምን ያህሉ እንደ ተወሰደ፣ በአማርኛ የተጻፈበት አንድ ቅጠል። በጉባኤ የተሠራ ከሆነም የጉባኤው ስም ዝርዝር ይግባ። ለአቡ ሩሚ ሕጉ አይደርስላቸውም፤ ዘመኑ አልፏል። የብራናው ወግ ግን ይደርስላቸዋል።

ያቺ የኪስ ዳዊት እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ያ ወጣት ወረቀቱን ሸጠልኝ፤ ቃሉም የባለቤቱ ነው። መካከለኛውን ሰው ግን ሁለታችንም አልከፈልነውም።